የአስራ አንደኛው ቤት ማኅተም

ጋልሜ መንደር፣ ሜይ 4

ለታናሽ ወንድሜ ልጅ ለማልሱን፣

ሰላምታዬ ባሕሩን ተሻግሮ ቦነስ አይረስ ድረስ በጤና ያግኝሽ። የአባቶቻችን መንፈስ ከክፉ ይጠብቅሽ። እኔና አክስትሽ ከጉልበታችን በቀር ደህና ነን። ጉልበቱም ሰባ ስምንት ዓመት ተሸክሞናል፣ ቢያጉረመርም አይፈረድበትም። እናንተ ዘንድ ብርዱ ሊገባ ነው አሉ። እኛ ዘንድ ሩዙ ሊተከል ነውና በየማሳው ውሃ እየተለቀቀ ነው። ስልክ መደወልሽን አክስትሽ ነግራኛለች። ስልክ ላይ ጆሮዬ አይሰማም። "እህ? እህ?" እያልኩ ከማደክምሽ በብዕር ብናወራ ይሻላል።

የምጽፍልሽ ስለ ወንድምሽ ስለ ጆንግፒል መቃብር ነው። በዚያ የዓሣ ማቀዝቀዣ ፋብሪካ እሳት ካረፈ ዘንድሮ ሦስት ዓመቱ ነው። ከእሱ ጋር ላረፉት ለአሥሩም የመቃብር ድንጋይ ቆሞላቸዋል፤ የእሱ ብቻ ሣር ለብሶ ቀርቷል። ሳያገባ ለሞተ ሰው ድንጋይ አይቆምም የሚሉ የድሮ ሰዎች አሉ። እኔም የድሮ ሰው ነኝ፣ ግን ኮረብታው ላይ በወጣሁ ቁጥር ያሳፍረኛል። የምትችዪውን ብትልኪ ቀሪውን እኔ እሞላለሁ።

ሌላው ወሬ የፋብሪካው ባለቤት የሊቀመንበር ኩክ ነገር ነው። የነጻነት በዓል በመጣ ቁጥር ፕሬዚዳንቱ እስረኛ እንደሚፈቱ ታውቂያለሽ። የዘንድሮው የኦገስት 15 ዝርዝር ውስጥ የሰውዬው ስም አለበት ይባላል። ባለፈው ሳምንት ጠበቃው አስራ አንድ የፖም ካርቶን ጭኖ መጣ፣ ለእያንዳንዱ የሟች ቤት አንድ አንድ። የሽማግሌዎች ቤት ቀኑን ሙሉ ጭቅጭቅ ሆኖ ዋለ። የልጅ ልጁን እዚያው እሳት ውስጥ ያጣው ሽማግሌው ፒዮ የቼስ ጠረጴዛውን በቡጢ መታው።

"አምስት ዓመት ተፈርዶበት በአስራ አራት ወር ሊወጣ? እኔ ጥርሴን እንኳ ከዚያ በላይ ታምሜያለሁ!"

"ሰውዬው ጤና የለውም እኮ" አለ የመንደሩ ሹም። "ፍርድ ቤት በተሽከርካሪ ወንበር ተገፍቶ ነው የመጣው።"

"ሀብታም ሲታሰር መጀመሪያ የሚታመመው እግሩ ነው! ሲፈታ ደግሞ ያው ወንበር ይፈውሰዋል። እንዲህ ዓይነት መድኃኒት ካለው ለማንሶክ ጉልበትም አውሱት እንጂ።"

በእኔ ጉልበት ሳቁ፣ እኔም ሳቅኩ። ሹሙ ግን አልሳቀም። "ፋብሪካው ካልተከፈተ ይህ መንደር ያልቃል" አለ።

"ያኔ በሩን ቢከፍት ኖሮ ዛሬ ፋብሪካውም ክፍት ነበር" አለው ፒዮ።

ጠበቃው በይቅርታ ልመናው ላይ በፊርማ ፋንታ የሚያርፈውን የእኛንም ቤት ማኅተም ጠይቆኛል። "የሟቹ ወላጆች አርፈዋል፣ ማኅተሙ የእህቱ ነው፣ እኔ አስቀማጭ ነኝ" ብዬ መለስኩት። ፖሙን ግን አክስትሽ ተቀበለችው። ሰው ያመጣውን መመለስ ነውር ነው ብላ።

በጤና ቆይኝ።
አጎትሽ ታክ ማንሶክ

—

ቦነስ አይረስ፣ ሜይ 27

ለአባቴ ታላቅ ወንድም፣ ለአጎቴ፣

ይህች ደብዳቤ እርስዎንና አክስቴን ቆማችሁ፣ እየበላችሁ፣ እየሳቃችሁ ታግኛችሁ። እኔ ደህና ነኝ። የልብስ ስፌቱ ሥራም አለ። ለድንጋዩ በሚቀጥለው ወር እልካለሁ፤ ሌላ ሰው አንድ ጠጠር እንዳያዋጣበት። የወንድሜን ድንጋይ እኔ አቆማለሁ።

አሁን ወደ ፖሙ ልመለስ። አጎቴ፣ ደብዳቤዎን አንብቤ ስጨርስ መቀሱን አስቀምጬ ውጪ ወጣሁ። ደሜ ፈላ። ፖም! ለአንድ ሰው አንድ ካርቶን! አክስቴን አልወቅሳትም፤ የሰው እጅ መልሳ አታውቅም። ግን እንዳትበላው ይንገሯት።

እርስዎ የሚያውቁትን ልድገምልዎት፣ ምክንያቱም መንደሩ መርሳት የጀመረ መሰለኝ። የፋብሪካው የኋላ በር ከውጭ በሰንሰለት ተቆልፎ ነበር። ለምን ሲባል፣ ሠራተኛው ዓሣ ይሰርቃል ተብሎ። ይህን ያዘዘው ኩክ ራሱ መሆኑን ፍርድ ቤት ቆሞ አምኗል። ጆንግፒል የተገኘው በሩ ሥር ነው። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም፣ አጎቴ።

እዚህ ያሉት የአገራችን ሰዎችም እየተከራከሩ ነው። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ አንዱ ባለሱቅ "ይቅርታ ለአገር አንድነት ነው፣ ለኢኮኖሚው ነው" አለኝ። "ይቅርታ የበደለ ይለምናል፣ የተበደለ ይሰጣል። ፕሬዚዳንቱ ምን ተበደሉ? ወንድማቸው ነው የሞተው?" አልኩት። "አንቺ ነገር ታጠብቂያለሽ" ብሎኝ ሄደ። ሁለት ፓኬት ኑድል ሰርቆ ለታሰረ ሰው ፖም ጭኖ የሚዞርለት ጠበቃ አይቼ አላውቅም። ለእሱ ኢኮኖሚው አያዝንም።

ስሜ ማልሱን የሆነው ለምን እንደሆነ ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቃሉ። "የመጨረሻዋ ሴት" ብላችሁ ያወጣችሁልኝ ከእኔ በኋላ ወንድ እንዲመጣ ነው። መጣም። እኔ የእሱ መንገድ ጠራጊ ሆኜ ተወለድኩ፣ በጀርባዬ አዝዬ አሳደግኩት። ስለዚህ በእሱ ነገር የሚናገር ሰው ካለ እኔ ነኝ።

ማኅተሜን እዚያ የተውኩት ለመቃብሩ ኮረብታ ግብር መክፈያ ነው፤ ለሌላ ለምንም አይደለም። ከቀዩ ከረጢት እንዳይወጣ። ይልቅስ በእኔ ስም የተቃውሞ ማመልከቻ ጽፈው ለፍትሕ ሚኒስቴር ያስገቡልኝ። ማስገባትዎን ጽፈው ያሳውቁኝ።

በጉልበትዎ ላይ ብርታት ይጨምርልዎ።
ልጅዎ ማልሱን

—

ጋልሜ መንደር፣ ጁላይ 19

ለማልሱን፣

ዝናቡ አስራ ሁለት ቀን ሳያቋርጥ ጥሎ ዛሬ ገና ፀሐይ አየን። ይህች ፀሐይ ለአንቺም ትድረስሽ። መልስ ስላዘገየሁ አትቀየሚኝ። ዝናብ ነበር፣ ከዚያም ጉልበቴ፣ ከዚያም አክስትሽ ሳል ያዛት።

ለድንጋዩ እንዳትልኪ። ድንጋዩ ቆሟል። ጥሩ ጥቁር ድንጋይ ነው፣ ከአሥሩ የሚያንስ አይደለም። ፎቶውን ከዚህ ጋር አድርጌልሻለሁ። ስሙ በደንብ እንደሚነበብ እይው። የላክሽው ካለ ለክረምት ልብስሽ ይሁንልሽ።

የፋብሪካው ግቢ ሣር በቅሎበታል። የልጄ ባል ዶሲክ ሥራ ፍለጋ ኢንቾን ከሄደ ስድስት ወሩ ነው፣ በወር አንዴ ይመጣል፣ ሕፃኑ አያውቀውም፣ ሲያየው ያለቅሳል። ትምህርት ቤቱ ዘንድሮ አንደኛ ክፍል ያስገባው ሦስት ልጅ ነው። አውቶቡሱ በቀን ሁለቴ ሆኗል። ሰው ሲታሰር ፋብሪካ አይከፍትም፣ ልጄ። የሞተውን ማንም አይመልሰውም። በሕይወት ያለው ግን መብላት አለበት። እኔ ይህን ስል ጆንግፒልን ረስቼ አይደለም።

ማመልከቻውን በሚመለከት፣ ዝናቡ መንገድ ዘግቶ ነበር።

አክስትሽ ሰላም ትልሻለች።
አጎትሽ

—

ቦነስ አይረስ፣ ኦገስት 24

ለአጎቴ፣

ለአክስቴ ምሕረት ያውርድላት፣ ሳሉ ለቋት በደህና ታንብብ።

ዜናውን ሰማሁ። ፈቱት። የአገራችን ሰዎች እዚህ የሚያሳትሙት ጋዜጣ ላይ ሙሉ ገጽ ወጥቷል። "ለኢኮኖሚው መነቃቃትና ለሕዝቡ መቀራረብ" ይላል። ከማን ጋር ነው የተቀራረብነው? ጋዜጣውን ጨምድጄ ጣልኩት፣ ከዚያ አንስቼ በካውያ አቃናሁት፣ ምክንያቱም አንድ መስመር አለው። "ከአስራ አንዱ የሟች ቤተሰቦች አሥሩ የይቅርታ ልመናውን በማኅተማቸው ደግፈዋል፤ አንድ ቤተሰብ ብቻ አሻፈረኝ ብሏል" ይላል።

አንድ ቤተሰብ። ያ እኔ ነኝ! አጎቴ፣ ተናድጄ እያለቀስኩ ደግሞ ኮራሁ። ሰውዬው ቢወጣም በእኔ ማኅተም አልወጣም። መስመሯን ቆርጬ የስፌት መኪናዬ በላይ ግድግዳው ላይ ለጠፍኳት። አብረውኝ ለሚሠሩት ሁሉ አሳየሁ፣ ለዚያ ባለሱቅም ጭምር። እርስዎንም አመሰግናለሁ። መንደሩ ሁሉ ሲጫንዎት ብቻዎን መቆም ቀላል እንዳልነበረ ይገባኛል። ባለፈው ደብዳቤዎ ሲያወላዱ ጠርጥሬዎት ነበር፤ እግርዎ ላይ ወድቄ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ድንጋዩ ያምራል። ግን ማን አቆመው? ይህን ሳይነግሩኝ አለፉት። ከጀርባው ያቆመው ሰው ስም መቀረጹ አይቀርምና ጀርባውንም ፎቶ አንስተው ይላኩልኝ፣ እኔ ራሴ ላመስግነው።

ልጅዎ ማልሱን

—

ጋልሜ መንደር፣ ሴፕቴምበር 7

ለማልሱን፣

በጤና ቆይተሻል? እዚህ ሁሉም እንደነበረው ነው።

ያቺን ወረቀት ከግድግዳው አንሺያት፣ ልጄ። ለሰውም አታሳዪ። እምቢ ያለው ሽማግሌው ፒዮ ነው። ከዚያ ወዲህ የሽማግሌዎች ቤት መምጣት ትቷል፣ በመንገድ ሲያገኘኝም ሰላም አይለኝም።

አጎትሽ

—

ቦነስ አይረስ፣ ሴፕቴምበር 18

አጎቴ፣

ሰላምታ ዛሬ ከብዕሬ አልወጣ አለኝ።

እምቢ ያለው አንድ ቤት ነው። ያ ቤት የፒዮ ከሆነ የእኔ የት ገባ? እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፣ አስራ አንድ ድረስ መቁጠር አያቅተኝም። በአፍዎ ሳይሆን በእጅዎ ጽፈው ይንገሩኝ። ድንጋዩንም ጭምር።

ማልሱን

—

ጋልሜ መንደር፣ ሴፕቴምበር 30

ለታናሽ ወንድሜ ልጅ፣ ለታክ ማልሱን፣

ሰላም ልበልሽ ብዬ ሦስት ወረቀት አበላሸሁ። የምለው ሰላምታ ስለሌለኝ እንዲሁ እጀምራለሁ።

ማኅተምሽን ያሳረፍኩት እኔ ነኝ። ማንም እጄን አልያዘም። ጁን 9 ቀን ነው። ሹሙ ፋብሪካው ውስጥ ይሠሩ የነበሩትን አርባ ሰዎች ይዞ ግቢዬ መጣ። አልጮኹም፣ አልሰደቡም። ቆሙ ብቻ። ዶሲክ ከኢንቾን መጥቶ ነበር፤ ሕፃኑን አቅፎ ጭቃው ላይ ተንበረከከ። "አባባ፣ አሥረኛው ማኅተም የእርስዎ ቤት ነው" አለኝ። "የእኔ አይደለም" አልኩት። "ከረጢቱ ማን መሳቢያ ውስጥ ነው?" አለኝ። ገብቼ ቀዩን ከረጢት አወጣሁ፣ ቀለሙን ራሴ ነካሁ፣ ራሴ ተጫንኩት። አንቺ "ከከረጢቱ እንዳይወጣ" ያልሽበት ደብዳቤ የዚያን ጊዜ ኪሴ ውስጥ ነበር። ከሁለት ቀን በፊት ነበር የደረሰኝ።

የነፃነት በዓል ዕለት ወህኒ ቤቱ በር ድረስ ወሰዱን። የሚፈታ ሰው ተመልሶ እንዳይገባ ቶፉ፣ ያን ነጭ የአኩሪ አተር አይብ፣ ይበላል፣ ታውቂያለሽ። ቶፉውን የሚያቀብለው ከሟች ቤተሰብ ሽማግሌ ቢሆን ለፎቶ ያምራል አሉና ሳህኑን ለእኔ ሰጡኝ። ሊቀመንበር ኩክ በተሽከርካሪ ወንበር ወጣ። ሳህኑን በሁለት እጄ አቀረብኩ፣ አንገቴንም ደፋሁ። እኔ፣ በዕድሜ አሥራ አንድ ዓመት የምበልጠው! ፎቶው እስኪነሳ ማንኪያውን አፉ ድረስ አደረሰው። ካሜራው ሲወርድ ሳህኑን ለጸሐፊው መለሰ። አልበላውም። ስሜንም አልጠየቀኝም። ከዚያ ከወንበሩ ተነስቶ በእግሩ ወደ መኪናው ገባ።

ፋብሪካው አይከፈትም። ባለፈው ሳምንት የግቢውን መሬት ሲለኩ ነበር። "ምን ሊሠራበት ነው?" ብሎ ሹሙ ጠየቃቸው። "የጎልፍ ሜዳ" አሉት። ሹሙ ለሁለት ቀን ከቤቱ አልወጣም። ዶሲክ ተመልሶ ኢንቾን ሄደ።

ድንጋዩን ያቆመው የሊቀመንበሩ ጠበቃ ነው። ማኅተሙ ባረፈ በሳምንቱ ድንጋዩ በመኪና መጣ። ጀርባው ላይ የማን ስም እንደሚቀረጽ ሲጠይቁኝ አፈርኩና "እህቱ ማልሱን አቆመች" አሰኘሁ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ፣ ጀርባውን ፎቶ ያላነሳሁልሽ ለዚህ ነው። ስምሽን ሁለት ጊዜ ሰረቅኩት።

ማኅተምሽን በቀይ ከረጢቱ ውስጥ እንዳለ ልኬልሻለሁ። አንድ ወረቀትም አብሮት አለ። እንዴት እንደሚጻፍ ስለማላውቅ የጠበቃውን ቅጽ አይቼ ገለበጥኩት፣ የእሱን ስም አውጥቼ የራሴን አስገባሁ። "ጥፋተኛው ታክ ማንሶክ ጥፋቱን አምኗል፤ የተበደለችው ታክ ማልሱን እንዲቀጣ አትፈልግም" ይላል። ከታች የማኅተም ቦታ አለው። ብትችዪ አሳርፊበትና መልሺልኝ። እንዲህ ሆኜ ኮረብታው ላይ ከአባትሽ አጠገብ መቀበር አልፈልግም።

ለመከሩ በዓል የመቃብሩን ሣር አጭጄያለሁ። ድንጋዩን ዞር ብዬ አላየሁትም።

ታክ ማንሶክ

—

ቦነስ አይረስ፣ ኦክቶበር 21

ለአባቴ ታላቅ ወንድም፣

አክስቴ እንዴት ናት? ሳሉስ? እርስዎስ በዚያ ጉልበት ኮረብታውን ወጥተው ሣር ማጨድዎን ስሰማ ተናደድኩ፣ አዘንኩም። በሚቀጥለው ዓመት ሰው ይቅጠሩ።

ከረጢቱ ደርሶኛል። ማኅተሜ ጠርዙ ላይ ቀይ ቀለም ደርቆበታል። በጥፍሬ ፍቄ ፍቄ አልለቅ አለኝ። ጋዜጣዋን ከግድግዳው አነሳኋት። ያ ባለሱቅ "የት ሄደች?" ሲለኝ የኮራሁበት ነገር ሁሉ አፌ ላይ አመድ ሆነ። አልዋሽዎትም፣ ሊቀመንበር ኩክን እንኳ እንዲህ አልተቆጣሁትም። እሱ ባዕድ ነው። እርስዎ ግን አባቴ ሲሞት ፀጉሬን የጎነጎኑልኝ ሰው ነዎት።

ወረቀቱን ደጋግሜ አነበብኩት። አንድ ነገር ታየኝ። ፕሬዚዳንቱ ይቅርታ አደረጉ፣ እኔን አልጠየቁኝም። መንደሩ ይቅርታ አደረገ፣ አልጠየቀኝም። ኩክ አንድ ቃል አልጻፈልኝም። በዚህ ሁሉ ይቅርታ መካከል "ይቅር በይኝ" ብሎ ወደ እኔ የጻፈ አንድ ሰው እርስዎ ብቻ ነዎት። ዘግይተው፣ ያውም በጠበቃ ቅጽ ላይ። ቢሆንም ጠየቁኝ። ስለዚህ መልስ ይገባዎታል።

ድንጋዩን አይንቀሉት። ወንድሜ እንደገና ራቁቱን አይቅር። ነገር ግን ድንጋይ ጠራቢ ይጥሩና ከጀርባው ስሜን ያስፍቁልኝ። በቦታው ያቆመው ሰው ስም ይቀረጽበት፣ የኩክ ጠበቃ ስም፣ ከነምክንያቱ፣ በግልጽ። ከሥሩም ማኅተሙን ያሳረፈው ሰው ስም ይግባ። በዓል በመጣ ቁጥር ሣር ሊያጭድ የሚወጣው ትውልድ ሁሉ ያንብበው። ከዚያ ወደ ፒዮ ቤት ይሂዱና ይህን ደብዳቤ ያንብቡለት። ሰላም ቢልዎትም ባይልዎትም ያንብቡለት።

ሲጨርሱ ጀርባውን ፎቶ አንስተው ይላኩልኝ።

ወረቀትዎን አልቀደድኩትም፣ ማኅተምም አላሳረፍኩበትም። እንደላኩት አጥፌ መሳቢያዬ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ፣ ማኅተሙንም አጠገቡ። የማኅተም ቀይ ቀለም ግን ገና አልገዛሁም።

የጆንግፒል እህት
ማልሱን